የአላስካ ክሩዝ ከእናትና ከልጆች ጋር፦ ከመርከቡ በፊት መስመሩ

ጥያቄው፦ «ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ለ7 ሌሊት የአላስካ ክሩዝ አስበናል። አምስት ነን። እኔና ባለቤቴ የአሜሪካ ዜጎች ነን፣ ልጆቻችን እዚሁ የተወለዱ የ4 እና የ11 ዓመት ልጆች ናቸው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ግሪን ካርድ አላት፣ ፓስፖርቷ ግን የኢትዮጵያ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ጾምም አታፈርስም። ከሲያትል መነሣት ይሻላል ከቫንኩቨር? መቼ እንሂድ? ባልኮኒስ ያስፈልጋል?»

ምላሽ፦ ሰው ክሩዝ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያየው መርከቡን ነው፤ ስንት ፎቅ አለው፣ የውኃ መንሸራተቻ አለው ወይ፣ ምግብ ቤቱ ስንት ነው። እናንተ ግን መጀመሪያ መክፈት ያለባችሁ የእናትዎ ፓስፖርት ያለበትን መሳቢያ ነው። ጊዜው አልፎ ከሆነ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ መታደሱን ይጠብቃል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ወደ አላስካ የሚሄዱት ትልልቅ መርከቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም የተመዘገቡት በሌላ አገር ነው፤ ባሃማስ፣ ቤርሙዳ፣ ኔዘርላንድስ። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለው መርከብ ከአሜሪካ ወደብ መንገደኛ ጭኖ፣ አንድም የውጭ ወደብ ሳይነካ መልሶ አሜሪካ እንዳያወርድ ይከለክላል። ከሲያትል የሚነሣው መርከብ ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ምሽት ቪክቶሪያ፣ ካናዳ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት የሚቆመው በዚህ ሕግ የተነሣ ነው። ስለዚህ «ከሲያትል ተነሥተን ሲያትል ስለምንመለስ ካናዳ አያገባንም» የሚለው ስሌት አይሠራም። «እናቴ አትወርድም፣ ካቢኗ ውስጥ ትቆያለች» ማለትም የመርከቡን ቼክ ኢን አያሳልፍም።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካናዳ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። ነገር ግን ከኤፕሪል 2022 ወዲህ ግሪን ካርዱን ጊዜው ካላለፈ የአገሩ ፓስፖርት ጋር አንድ ላይ ማሳየት አለበት። ብዙ የኛ ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚች ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለመብረር ግሪን ካርድ ስለሚበቃ፣ የወላጆች ፓስፖርት ሳይነካ ይከርምና ጊዜው ያልፍበታል፤ ማለፉ የሚታወቀው ወደቡ ላይ ሻንጣው ከተሰጠ በኋላ ነው። ያን ጊዜ እሳቸው ይቀራሉ፣ ወይም ሁላችሁም ትቀራላችሁ፣ የከፈላችሁትም ገንዘብ አይመለስም። የጉዞው ክፍያ ከማለቁ ብዙ ወራት ቀድማችሁ አሳድሱ። እናትዎ ግሪን ካርድ ባይኖራቸውና በጉብኝት ቪዛ የመጡ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይከብድ ነበር፦ የካናዳ የጉብኝት ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ የአሜሪካ ቪዛቸው ለአንድ መግቢያ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቀብድ ሳይከፈል ወደ አሜሪካ የሚመለሱበት ጉዳይ በቅድሚያ መጣራት አለበት።

ሁለተኛው የኛ ሰው ጣጣ ስም ነው። ቦታ ስትይዙ የምትጽፉት ስም ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፤ የአያት ስም ፓስፖርቱ ላይ ካለ እዚህም ይግባ። በኛ ልማድ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ስለሆነ የእናትና የልጅ የመጨረሻ ስም አይገጥምም፤ እናት ብቻዋን ልጆቹን ይዛ ካናዳ ስትገባ «አባታቸው ያውቃል ወይ?» መባሉ የተለመደ ነው። ሁለታችሁም ስላላችሁ ብዙ አያሳስብም፤ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ መያዝ ግን ምንም አይከብድም። ከሲያትል ተነሥቶ ሲያትል ለሚመለስ ጉዞ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ዜጋ በልደት ምስክር ወረቀት ብቻ መሄድ ይፈቀድለታል። እኔ ግን ለልጆቹም ፓስፖርት አውጡ እላለሁ። አንዱ ልጅ ታሞ መሐል ላይ ከካናዳ ወደብ በአውሮፕላን መመለስ ቢመጣ፣ በዚያ ወረቀት አውሮፕላን ላይ አያስወጡትም።

አሁን ወደ መስመሩ። ከሲያትል የሚነሡት ትልልቅ መርከቦች በብዛት የሚያልፉት በቫንኩቨር ደሴት ምዕራብ፣ በክፍቱ ውቅያኖስ በኩል ነው። የመጀመሪያው ቀን ተኩል ገደማ ባሕር ላይ ነው፣ ሲመለሱም እንዲሁ፤ የፓስፊክ ሞገድ በቀጥታ መርከቡን ያገኘዋል። ከካናዳዋ ከተማ ከቫንኩቨር የሚነሣው ግን በደሴቲቱና በዋናው ምድር መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ይገባል። ግራና ቀኝ ተራራና ጥድ፣ ውኃው እንደ ሐይቅ። በዚህ መንገድ ላይ ሲሞር ናሮውስ የምትባል ጠባብ ቦታ አለች፤ የባሕሩ ውኃ ሲሞላና ሲጎድል ኃይለኛ ጅረት ስለሚፈጥር መርከቦች የሚያልፏት ጅረቱ ረገብ በሚልበት ሰዓት ነው። መሐሏ ላይ መርከብ ሲሰብር የኖረ ድንጋይ ነበር፤ ካናዳውያን ከሥሩ ዋሻ ቆፍረው ፈንጂ ሞሉበትና በኤፕሪል 1958 አፈራረሱት። ለ11 ዓመት ልጅ የሚነገር ጨዋታ ነው። ከቫንኩቨርም ቢሆን ክፍት ባሕር ጨርሶ አይቀርም። ከደሴቲቱ በስተሰሜን የተወሰነ ሰዓት ይናወጣል፣ ከዚያ ያልፋል።

ሰዎች ሲያትልን የሚመርጡት «የካናዳ ጣጣ የለውም» ብለው ነው። እናንተ ዘንድ ግን እናትዎ ለቪክቶሪያም ያንኑ ፓስፖርት ስለሚያስፈልጋቸው ሲያትል በሰነድ በኩል የሚያተርፍላችሁ ነገር የለም። ስለዚህ ምርጫዬ ቫንኩቨር ተነሥቶ ቫንኩቨር የሚመለሰው ነው። የሚያስከፍላችሁ የአውሮፕላኑ ትኬትና አንድ ተጨማሪ ወረፋ ነው፦ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ፍተሻ የሚደረገው እዚያው ቫንኩቨር፣ መርከብ ላይ ሳይወጣ ነው። ብዙ መርከብ በአንድ ቀን በሚነሣበት ጊዜ ያ ወረፋ እግር ያደክማል፤ ለእናትዎ ተሽከርካሪ ወንበር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከሲያትል ለመነሣት ከወሰናችሁ ደግሞ ከተማዋ ሁለት የክሩዝ ወደብ እንዳላት አትርሱ፤ ፒር 66 እና ፒር 91። በመካከላቸው ጥቂት ኪሎ ሜትር አለ፣ በየሳምንቱም ተሳስቶ ከማዶኛው በር የሚወርድ ቤተሰብ አይጠፋም። ከየትኛውም ብትነሡ የመነሻው ቀን ጠዋት አትብረሩ፤ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ።

በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ፣ ማለት ከቫንኩቨር ተነሥቶ ሲዋርድ ወይም ዊቲየር በሚባሉ የአላስካ ወደቦች የሚያወርድ ጉዞም ይሸጣል። የአላስካን ባሕረ ሰላጤ ያቋርጣል፣ ሁለት የተለያየ በረራም ይጠይቃል። ዴናሊ ብሔራዊ ፓርክ ድረስ በባቡር ለመዝለቅ ላሰበ ሰው ጥሩ ነው፤ ለእናንተ አይደለም።

መስመር ስትመርጡ ሁለት ነገር አንብቡ፦ የትኛው ግግር በረዶ ጋ እንደሚሄድና በየወደቡ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆም። ማስታወቂያው «ኬቺካን» ይላል፣ የአላስካ ወደብ ከተማ ናት፤ ዝርዝሩ ሲታይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ሊሆን ይችላል። የ4 ዓመት ልጅ አልብሶ፣ ቁርስ አብልቶ፣ አያትን ይዞ እስኪወረድ ግማሹ ያልቃል። አንድ ወደብ ቀንሶ በሌሎቹ 9 እና 10 ሰዓት የሚቆም መርከብ ለናንተ ዓይነት ቤተሰብ ይሻላል።

ግግር በረዶውን በተመለከተ፣ ግሌሸር ቤይ ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ መርከብ ካገኛችሁ እሱን ያዙ። በቀን ከሁለት ትልልቅ የክሩዝ መርከብ በላይ አይገባም፣ የፓርኩ ጠባቂዎች በጀልባ መጥተው መርከቡ ላይ ይወጣሉ፣ በድምፅ ማጉያ ያብራራሉ፣ ልጆችንም ያጫውታሉ። ከ1794 የአሰሳ ጉዞ በተገኘው መረጃ ባሕረ ሰላጤው በሙሉ ማለት ይቻላል በረዶ ነበር፤ ዛሬ መርከቡ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ፈቃዱን በብዛት የያዙት ሆላንድ አሜሪካና ፕሪንሰስ የተባሉት የክሩዝ ኩባንያዎች ናቸው፤ ሌሎችም አንዳንድ ጉዞ አላቸው። ሌላው የተለመደው ምርጫ ከአላስካ ዋና ከተማ ከጁኖ በስተደቡብ ያሉት ሁለት ጠባብ የባሕር ሸለቆዎች ናቸው፤ ትሬሲ አርምና ኢንዲኮት አርም። በኦገስት 2025 ትሬሲ አርም ውስጥ ከባድ የተራራ ናዳ ወድቆ ትልቅ ማዕበል ስላስነሣ፣ ብዙ ኩባንያዎች ጉዟቸውን ወደ ኢንዲኮት አዙረዋል። በድሮ ቪዲዮ ተማርካችሁ «ትሬሲ አርም ካልሆነ» አትበሉ።

መቼ? እዚህ ላይ የእናትዎን ጾም እንደ ችግር ሳይሆን እንደ ቀን መቁጠሪያ ተጠቀሙበት። ጾመ ሐዋርያት ጁላይ 12 ይፈታል፣ ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባል። በመካከሉ ያሉት ሦስት ሳምንት ተኩል ከረቡዕና ዓርብ በቀር ጾም የሌለባቸው፣ ለዚያ አካባቢም ከሁሉም የሚሞቁት ናቸው። ቀን ቀን ከ13 እስከ 18 ዲግሪ ያገኛል። «ከሁሉም የሚሞቁት» ስል እንግዲህ ይህን ማለቴ ነው። ዓሣ ነባሪዎቹ ከሃዋይ መጥተው እየበሉ ያሉበት ጊዜ ነው፤ ኬቺካን መሐል ከተማ በምታልፈው ወንዝ ላይም ሳልሞን ሽቅብ መውጣት ይጀምራል። ጉድለቱ ዋጋውና ሰዉ ነው። ሜይ ርካሽ ነው፣ ዝናቡም ከሌላው ወር ያንሳል፣ የበዓለ ሃምሳ ቀናት ከገጠሙ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ግን የ11 ዓመቱ ልጅ ትምህርት ላይ ነው። ከኦገስት አጋማሽ ወዲያ ዝናቡ እየጠነከረ ይሄዳል።

ካቢን። የአራት ሰው ካቢን ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፣ አምስተኛ ሰው ደግሞ አብዛኛው ካቢን አይቀበልም። እናንተ ሁለት ካቢን ነው የምትይዙት፦ ሦስት በአንዱ፣ ሁለት በአንዱ። በእያንዳንዱ ካቢን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ሙሉ ዋጋ ይከፍላሉ፣ ሦስተኛው ቅናሽ ያገኛል። የተለመደው ቁጠባ ወላጆች ባልኮኒ ይዘው አያትና ትልቁን ልጅ ከኮሪደሩ ማዶ መስኮት በሌለው ካቢን ማስቀመጥ ነው። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። መሮጥ የሚችል ሰው ግግር በረዶውን ከላይኛው ፎቅ ያየዋል፤ ደረጃ መውጣት የሚከብዳቸው እናትዎ ግን በባልኮኒው ወንበር ላይ ሆነው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሁሉን ያያሉ። አንድ ባልኮኒ ብቻ የሚቻል ከሆነ የእሳቸው ይሁን፣ እናንተም ወደዚያው ትሰበሰባላችሁ። ሁለት መግዛት ከተቻለ በመሐል በር የሚገናኙትን ጠይቁ፤ ይህን አይነት ካቢን ራሳችሁ ድረ ገጹ ላይ ስትፈልጉ ሊያመልጣችሁ ስለሚችል በስልክ ማስያዝ ይሻላል። ቦታው ከመርከቡ መሐል፣ ዝቅ ካለ ፎቅ፣ ለአሳንሰር የቀረበ ይሁን፤ ከመዋኛ ገንዳ ወይም ከምግብ አዳራሽ ሥር አይሁን፣ ከንጋት ጀምሮ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። «የትኛው ጎን ይሻላል?» ለሚለው፣ ደርሶ መልስ ጉዞ ላይ አትጨነቁ። ካፒቴኑ ግግሩ ፊት ሲደርስ መርከቡን ቀስ አድርጎ ያዞረዋል፣ ሁለቱም ጎን ተራው ይደርሰዋል።

የግግር በረዶውን ቀን እንዴት እንደምታዩት ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው እዚያው ቆሞ ያመልጠዋልና። መርከቡ ከግግሩ 800 ሜትር ያህል ርቆ ቢቆም፣ ድምፅ ያን ርቀት ለመጓዝ ከ2 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ነጎድጓድ የመሰለውን ድምፅ ሰምተው ዞር ሲሉ በረዶው ወድቆ አልቋል፣ የሚታየው የተረጨው ውኃ ነው። ስለዚህ ጆሮን ትቶ ዓይንን አንድ ቦታ ላይ መትከል ነው። ትንንሽ ፍርፋሪ ከአንድ ቦታ ደጋግሞ እየተንጠባጠበ ከሆነ ትልቁም ከዚያው አካባቢ የመውደቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። ለትልቁ ልጅ 8 እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር ስጡት፤ ከዚያ በላይ የሚያቀርበው በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል። ለትንሿ ወይም ለትንሹ 20 ደቂቃ ይበቃል፣ ከዚያ ትኩስ ቸኮሌት። ከግግሩ ላይ የሚወርደው ነፋስ ከተማ ውስጥ ከነበረው አየር በብዙ ይቀዘቅዛልና ኮፍያና ጓንት በጁላይም ይያዝ። ሰማያዊ የሚመስለው በረዶ ቀለም አይደለም፤ በክብደት ተጨቁኖ አየሩ ስለወጣ ቀዩን ብርሃን ይውጥና ሰማያዊውን ያሳልፋል። ተንሳፋፊው በረዶ መንገድ ከዘጋ ካፒቴኑ ሳይጠጋ ሊመለስ ይችላል፤ ለዚህ ገንዘብ አይመለስም።

ልብስ ላይ ጥጥ አታብዙ። ጂንስ ከረጠበ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም፣ ጋቢውም ለባልኮኒ እንጂ ለዝናብ አይሆንም። ስስ የውስጥ ሹራብ፣ ወፈር ያለ ፍሊስ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ ጃኬት፤ ለልጆቹ የዝናብ ሱሪ ጭምር። ኬቺካን በዓመት ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፣ ጃንጥላ በነፋሱ ይገለበጣል።

ወደቦቹን ከእናትዎ ጉልበት አንጻር እንያቸው። በዚያ አካባቢ የባሕሩ ውኃ በሙላትና በጉድለት መካከል ከ5 ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ይላል። ጠዋት ለጥ ብሎ የነበረው መውረጃ ድልድይ ከሰዓት በኋላ ቁልቁለት ወይም ዳገት ሆኖ ይጠብቃል። የዕለቱን የሙላት ሰዓት ከእንግዳ መቀበያው ጠይቃችሁ እሳቸውን በዚያ አካባቢ አውርዱ። መርከቡ ወደቡ ላይ ሳይጠጋ ራቅ ብሎ መልሕቅ ከጣለ ደግሞ መውረጃው ትንሽ ጀልባ ነው፣ ጀልባዋ በምትወዛወዝበት ጊዜ አንድ እርምጃ መሻገር ያስፈልጋል። ባሕሩ ከተናወጠ ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው አይወርድም ሊባል ይችላል። መርሐ ግብሩ ላይ በጀልባ የሚወረድበት ወደብ መኖሩን ከመክፈላችሁ በፊት አጣሩ።

ስካግዌይ ለእናንተ የተሠራች ናት። በ1898 እና 1900 መካከል፣ በወርቅ ፍለጋው ግርግር ጊዜ የተሠራው ባቡር ከባሕር ጠለል ተነሥቶ በ32 ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 870 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ደርሶ መልሱ 3 ሰዓት ገደማ ነው፣ እናትዎ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ገደሉንም ፏፏቴውንም ያያሉ። ሲወጣ በግራ በኩል መቀመጥ ይሻላል። ጫፉ ድረስ ብቻ ሄዶ የሚመለሰውን ግዙ። ወደ ዩኮን የሚዘልቀው ካናዳ ስለሚያስገባ ሁሉም ሰው ሰነዱን ይዞ መውረድ ይኖርበታል፣ ቀኑም ለትንሽ ልጅ ይረዝማል።

ጁኖ ላይ ገንዘቡን ለዓሣ ነባሪ ጀልባ አውሉት። ለአንድ አዋቂ ከ100 ዶላር በላይ ያስወጣል፣ ግን በበጋው ወራት የማየት ዕድሉ እጅግ ከፍተኛ ነው። ጀልባው በሕግ ከ91 ሜትር በላይ መጠጋት አይችልም፣ ዓሣ ነባሪው ራሱ ከመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ስትመርጡ ሙቀት ያለው ዝግ ክፍልና መጸዳጃ ቤት ያለውን ጀልባ ያዙ፤ ክፍት የሆነው ፈጣን ጀልባ ለወጣቶች ነው፣ ወገብና ጉልበት ይመታል። ሜንደንሆል ግግር በረዶ ከወደቡ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጎብኚዎች ማዕከሉ አጠገብ ያለው የመመልከቻ መንገድ አጭርና ደልዳላ ስለሆነ እናትዎ ይደርሱበታል። እስከ ነጌት ፏፏቴ ያለው ግን ደርሶ መልስ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ እናንተና ትልቁ ልጅ ሂዱበት። ድብ ስለሚመላለስ ምግብ ይዞ መንገዱ ላይ መውጣት አይፈቀድም፤ የልጅ ብስኩት ቦርሳ ውስጥ እንዳይረሳ።

ኬቺካን ስትደርሱ መርከባችሁ የሚቆመው መሐል ከተማ ነው ወይስ ዋርድ ኮቭ የሚለውን እወቁ። ዋርድ ኮቭ ከከተማው 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ በአውቶቡስ ተሰልፎ መሄድና መመለስ ይጠይቃል። ሲትካ የምትባለው ሌላዋ መቆሚያም እንዲሁ ወደቡ ከከተማው ውጭ ነው።

ጉብኝት ከመርከቡ ሲገዛ ዋጋው ይወደዳል፤ ከውጭ ከገዙት ግን ብትዘገዩ መርከቡ አይጠብቃችሁም። ከጁኖ በመኪና የሚወጣ መንገድ ስለሌለ የቀረ ሰው የሚከተለው በአውሮፕላን ነው። ሩቅ የሚወስደውን ከመርከቡ፣ ቅርቡን ከውጭ ግዙ። ሰዓትም ያሳስታል፦ አላስካ ከሲያትልና ከቫንኩቨር በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ ስልካችሁ ራሱን ሲያስተካክል መርከቡ ላይ ካለው ሰዓት ጋር ላይገጥም ይችላል። የሚሠራው የመርከቡ ሰዓት ነው፤ ለእናትዎ በእጅ የሚታሰር ተራ ሰዓት ሞልታችሁ ስጧቸው። ባሕር ላይ ስልኩን አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት፣ አለዚያ የመርከቡን የሳተላይት መስመር ይይዝና ያልታሰበ ሒሳብ ይመጣል።

ምግብ አያሳስባችሁ። ቦታ እንደያዛችሁ፣ ቢዘገይ ከ30 ቀን በፊት «ቪገን» ብላችሁ አስመዝግቡ፤ «የጾም» ብትሉ አይገባቸውም፣ «ቬጀቴሪያን» ካላችሁ ደግሞ ወተትና እንቁላል ይመጣል። በመጀመሪያው ምሽት አስተናጋጁን አነጋግራችሁ የነገውን እራት ዛሬ እንዲመርጡ አድርጉ፣ ወጥ ቤቱ በዚያ መልክ ነው የሚሠራው። ቤት የተሠራ ምግብ ይዞ መግባት በአብዛኛው ክልክል ነው፣ በፋብሪካ የታሸገ ደረቅ ነገር ግን ያልፋል። ምድጃ፣ የውኃ ማፍያ፣ ሻማና ዕጣን ሲፈተሽ ይወሰዳል። የእሳት ነገር ስለሆነ ልመና አይሰማም፣ ስለዚህ የሳምንቱ ቡና ያለ ዕጣን ነው።

ባሕር ለሚያዞረው፣ መድኃኒቱ የሚዋጠው ከመናወጡ በፊት 1 ሰዓት አስቀድሞ ነው፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ የሚዋጠው አይረዳም። ዳይመንሃይድሪኔት ከ2 ዓመት ጀምሮ በልጆች መጠን ይሰጣል፣ ሜክሊዚን ለ12 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፣ ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ለአዋቂ ብቻ ነው። በአረጋውያን ላይ የሚለጠፈው ግራ መጋባት ሊያመጣ ስለሚችል፣ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ካለም ስለሚጎዳ ለእናትዎ ያለ ሐኪማቸው አትስጡ። መርከቡ ላይ ክሊኒክ አለ፤ ሒሳቡ ግን ካቢናችሁ ላይ ይጻፋል፣ ብዙ የጤና መድን ደግሞ አይቀበለውም። የጉዞ መድን ስትገዙ በሄሊኮፕተር ወይም በአውሮፕላን ማውጣትን መሸፈኑን አንብቡ፣ እናትዎ የቆየ ሕመም ካላቸውም ቀብድ ከከፈላችሁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግዙት። አብዛኛው መድን የቆየ ሕመምን የሚሸፍነው ቶሎ ለተገዛ ብቻ ነው።

ከቲኬቱ ውጭ የሚረሳው ወጪ የሠራተኞች ጉርሻ ነው። በአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ይታሰባል፣ በብዙ መርከብ ለሕፃኑም ጭምር። ለ5 ሰው ለ7 ቀን ከ560 እስከ 700 ዶላር መሆኑ ነው። የልጆች ክበብ በአብዛኛው ከ3 ዓመት ጀምሮ በነጻ ነው፤ ልጁ ዳይፐር ካልተወ ግን አይቀበሉትም፣ የመዋኛ ዳይፐርም ቢሆን ገንዳ ውስጥ አያስገባም።

ወደቡ ላይ የምታስረክቡት ሻንጣ ካቢናችሁ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴ ከእራት በኋላ ነው። ፓስፖርቶቹ፣ ግሪን ካርዱ፣ የእናትዎ መድኃኒት ለሙሉ ሳምንቱ፣ የልጆቹ የመዋኛ ልብስና አንድ ቅያሪ በእጅ ቦርሳ ይግቡ። ፓስፖርት ሻንጣው ውስጥ ረስቶ ያስረከበ ሰው፣ ሻንጣው እስኪገኝ ድረስ ቼክ ኢን ላይ ቆሞ ይጠብቃል።